የጡንቻ መዛልና የሐኪም ትምህርት በጎንደር

ነርቭንና ጡንቻን የሚያጠቁ ከባድ ሕመሞች በአንድ የደም ምርመራ ብቻ የሚለዩ ባለመሆናቸው፣ የሕክምና ተማሪ የሚያውቃቸው ሐኪሞችን ተከትሎ በሚዞርበት ራውንድ፣ ማለትም በየበሽተኛው አልጋ ዙሪያ በሚደረገው ጉብኝት ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ በተጀመረውና የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች በመላክ በሚታወቀው የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ድካሙ ከየት ተነሣ የሚለው ነው። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ከአንጎል ተነሥቶ በሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፣ ከዚያም በነርቭ በኩል ጡንቻ ላይ ይደርሳል። ሐኪሙ ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግሩ ከልክ በላይ ከተወረወረ ጉዳቱ በአብዛኛው በአንጎል ወይም በሕብለ ሰረሰር ነው፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ነርቮቹ ያዘነብላል። ጊላን ባሬ የተባለው ሕመም ከሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ነርቮችን ስለሚያጠቃ ድካሙ ከእግር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎችንም ሊያዳክም ይችላል። ለዚህም ነው በሽተኛው በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችል ደጋግሞ የሚፈተነው፤ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ግን ችላ ቢባል ሕይወት የሚያሳጣ ምርመራ ነው። ከዛሪማ ቆላ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ በደባርቅ በኩል ጎንደር ለሚደርስ ሰው፣ ቁጥሩ ማነስ የጀመረው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአካባቢው የራሱ የሆነው ሕመም ግን በጓያ የሚመጣው ሽባነት፣ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም እህል በመሆኑ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ማዕዱን ይሞላዋል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር፣ ለሳምንታት በብዛትና ያለ ሌላ እህል ሲበላ፣ ትእዛዝ አውራጅ ነርቮችን ይጎዳል። በሽተኛው በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ በመዶሻ ሲመታም እግሩ ይፈናጠራል፤ የቆዳው ስሜትና አእምሮው ግን አይነኩም። ይህን ሁሉ ያየ ተማሪ፣ ሦስት ወር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ቤቱ ምን ይበላ እንደነበር ካልጠየቀ፣ ምርመራው ጎዶሎ ነው።

የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ የሚቀረው ጡንቻው እንዳይኮማተር የሚረዳ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና ምርኩዝ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ምክር በሽተኛውን አልፎ ያንኑ ጓያ እየበሉ ወዳሉት ቤተሰቦቹ ይሻገራል፦ እሸቱንና ንፍሮውን እንዲቀንሱ፣ እህሉን ዘፍዝፈው ውኃውን እንዲደፉ፣ ከተገኘም ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር እንዲቀላቅሉት ነው። ‹‹ከተገኘ›› የሚለው ቃል ግን በድርቅ ዓመት ከሐኪሙ ትእዛዝ ውጭ ይሆናል።