ጄፈርሰን ማርኬት፦ ሰዓቱ ያተረፈው ፍርድ ቤት

በኒው ዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ ስድስተኛው ጎዳና ከአሥረኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ባለ ሰዓት ግንብ ያለው ቀይ የሸክላ ሕንፃ ቆሟል። ነጭ ድንጋይ እንደ መቀነት ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ጣሪያው ሾጣጣ፣ መስኮቱም ባለ ቀለም መስታወት ስለሆነ፣ እንግዳ ሰው ቤተ ክርስቲያን መስሎት ቢያማትብ አይፈረድበትም። እስከ 1945 ድረስ ግን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ቤት ብዙ ሰው ተፈርዶበታል።

ስሙን የወረሰው ቀድሞ በቦታው ከነበረው ገበያ ነው። ፍሬድሪክ ክላርክ ዊዘርስና ካልቨርት ቮክስ ነደፉት፤ ከ1874 እስከ 1877 ተሠራ። ግንቡ የእሳት ቃፊሮች ከተማውን የሚቃኙበት ማማም ነበር። በ1885 የአገሪቱ አርክቴክቶች ድምፅ ሲሰጡ ከአሜሪካ ውብ ሕንፃዎች አምስተኛ ሆኖ ተመረጠ። ግድግዳው ላይ ከሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» የችሎት ትዕይንት ተቀርጿል። ለፍርድ ቤት ደጃፍ ደፋር ምርጫ ነው፤ በተውኔቱ ክርክሩን የምትቋጨው የሕግ ዐዋቂ መስላ የገባች፣ የባለዕዳው ወዳጅ ሚስት ናትና።

ላይኛው ፎቅ የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ከሥሩ የፖሊስ ፍርድ ቤት፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ተረኛ እስረኛ የሚጠብቅበት ነበር። በ1906 አርክቴክቱን ስታንፎርድ ኋይትን የገደለው ሚሊየነር ሃሪ ቶው በማግስቱ እዚህ ቀርቧል። የዘወትሩ ባለጉዳይ ግን ሰካራም፣ ሥራ አጥ፣ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘች ሴት ነው። በ1896 ደራሲው ስቲፈን ክሬን አብራው የነበረች ሴት ወንድ ስትጠራ ተገኘች ተብላ ስትያዝ ዐየ። ጠዋት ችሎት ቀርቦ መሰከረላት፤ ዳኛውም አሰናበታት። እሱ ግን ከከተማው ፖሊስ ጋር ተቃቃረ፤ ስሙም በጋዜጣ ሲብጠለጠል ከረመ። በ1909 የሸሚዝ ፋብሪካ ሴቶች ሥራ ሲያቆሙ ከአድማው ሰልፍ የታፈሱት ወደዚሁ ችሎት እየተነዱ ተቀጥተዋል።

ችሎቱ ከተነሣ በኋላ ሕንፃው ቀስ በቀስ ተረሳ፤ እርግብና አይጥ ሰፈሩበት፣ ሰዓቱም ቆመ። ሊፈርስ ነው ሲባል የሰፈሩ ነዋሪ ማርጎት ጌይልና ጎረቤቶቿ ተነሡ። ብልሃታቸው ደስ ይለኛል፦ «ቅርስ ይጠበቅ» ብለው አልጀመሩም፤ «ሰዓታችን ይሠራልን» አሉ። ሰዓት ይሠራ የሚልን ሰው እምቢ ማለት ለየትኛውም ሹም ይከብዳል። ሰዓቱን ለማስጠገን የተሰባሰበው ሰው ሕንፃውንም ያዘ፤ በ1961 ከንቲባ ሮበርት ዋግነር ቤተ መጻሕፍት እንደሚሆን አስታወቁ። አርክቴክቱ ጆርጆ ካቫሊየሪ አድሶት በ1967 ተከፈተ። የፖሊስ ችሎቱ የልጆች ክፍል ሆነ፤ የሸክላ ቅስት ያለው የእስረኛ ማቆያም የማጣቀሻ መጻሕፍት ተደረደሩበት።

ሰፈሩ ግን ለሁሉም እንዲህ አልራራም። ከፍርድ ቤቱ ጎን ከ1932 ጀምሮ ባለ ብዙ ፎቅ የሴቶች ማረፊያ ቤት ነበር፤ በስለላ የተከሰሰችው ኤቴል ሮዘንበርግም የመብት ታጋይዋ አንጄላ ዴቪስም ታስረውበታል። እስረኞቹ ከመስኮት ሆነው መንገድ ላይ ከቆሙ ወዳጅ ዘመዶቻቸው ጋር እየጮኹ ያወሩ ነበር፤ ጎረቤቱም በዚህ ተማሮ ይነሣልን ይል ነበር። የውስጡ በደልም ሲወራ የኖረ ነው። በ1974 ፈርሶ አለቀ። ዛሬ ቦታው የአበባ አትክልት ስፍራ ነው፤ የሚንከባከቡትም የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።