ጥቂት ጥገና የምትሻ ጀልባ

«ያገለገለች ትንሽ የሸራ ጀልባ፥ ጥቂት ጥገና የምትሻ፥ በርካሽ ትሸጣለች» የሚል ማስታወቂያ ቢያዩ፥ ኪስዎን ከመዳበስዎ በፊት ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከምን ያስቡ።

ለዚህ መርከበኛ አንድ ወዳጁ ጥቂት ጥገና የምትሻ መርከብ በነፃ እሰጥሃለሁ አለው። አሜሪካ፥ ፌርሄቨን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ቢያያት፥ «ስፕሬይ» የተባለችው አሮጊት ከባሕር ርቃ በሜዳ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች! ስሎከም በአካባቢው የበቀለ የኦክ ዛፍ ቆርጦ እንደ አዲስ ሠራት። ነፃ የተባለችው ጀልባ 13 ወር ድካምና ለዕቃ ብቻ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም አስወጣችው። እርግጥ ነው፥ ውለታውን መልሳለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ከቦስተን ተነሥቶ በ1898 ሲመለስ፥ ብቻውን ዓለምን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የዛሬዎቹ ጀልባዎች አብዛኞቹ ፋይበርግላስ ስለሆኑ እንደ እንጨት አይበሰብሱም። ነገር ግን ተራዳውን ወጥረው የሚይዙት የሽቦ ገመዶች ያረጃሉ፤ ከሆዷ በታች ያለውን ከባድ ብረት የያዙት ብሎኖችም ይዝጋሉ። እኔ እንደሆንኩ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ያስጠረጥረኛል። ስለዚህ ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ ሆዷ በባለሙያ ይመርመር፤ ሻጩ እምቢ ካለ ግን ደኅና ዋል ብለውት ይሂዱ።