አንድ ገዢ፣ ብዙ ታጋይ

በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ125 ኪሎ ነፃ ትግል ፍጻሜ ሊያልቅ 13 ሰከንድ ያህል ቀርቶታል። አሜሪካዊው ጌብል ስቲቭሰን በጆርጂያዊው ጌኖ ፔትሪያሽቪሊ 8 ለ 5 እየተመራ ነው። በቀረችው ጊዜ ስቲቭሰን ሁለት ጊዜ ከኋላው ዞሮ ጣለው። ሁለተኛው ሲቆጠርለት ሰዓቱ ላይ የቀረው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም ነበር። የጆርጂያ ቡድን ያቀረበው ተቃውሞ ውድቅ ሲደረግ አንድ ነጥብ ተመረቀለትና ውጤቱ 10 ለ 8 ሆነ። ልጁ ያኔ የ21 ዓመት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

በዚህ ዓምድ ስለ ስፖርት የመጻፍ ልማድ የለኝም። ስቲቭሰን ከዚያ ሜዳልያ በኋላ የዞረበት መንገድ ግን የሥራ ገበያን ነገር ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ትግል በአሜሪካ አምራቹ ሞልቶ ገበያው የጠፋ ምርት ነው። በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን ብቻ ወደ 80 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን አላቸው። በየዓመቱም በአሥር የክብደት ምድቦች አሥር ሻምፒዮኖች ይወጣሉ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከኮሌጅ ሲወጣ 30 የኤንቢኤ ቡድኖች ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ታጋዩን ግን የሚጠብቀው በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ኦሊምፒክ፣ ከተገኘም የአሰልጣኝነት ወንበር ነው። ዳንኤል ኮርሚየርን እናንሳ። በ2001 የኮሌጅ ፍጻሜ ተሸነፈ፤ በ2004 አቴንስ ላይ አራተኛ ወጣ፤ በ2008 ቤጂንግ ላይ ክብደት ሊቀንስ ሲል ኩላሊቱ ከድቶት ሳይወዳደር ቀረ። ቅይጥ ማርሻል አርት የጀመረው በ2009 ነው። 30 ዓመት ሞልቶት ነበር። በኋላ በሁለት የክብደት ምድቦች የትልቁ የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ሆነ፤ ነገር ግን የወጣትነቱን ጉልበት የጨረሰው ክፍያ በሌለበት ስፖርት ላይ ነው።

ዩኤፍሲ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ድርጅት በ2016 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። በ2025 ከፓራማውንት ጋር የተፈራረመው የሰባት ዓመት የስርጭት ውል ደግሞ 7.7 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለተፋላሚው ምን ይደርሰዋል? በ2014 በድርጅቱ ላይ የተከፈተውን ክስ የመሠረቱት ተፋላሚዎች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ማስረጃ መሠረት ከገቢው 20 በመቶ እንኳ አይደርስም። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ።

ነገሩን ወደ ኪስ እናውርደው። ለጀማሪ ተፋላሚ ለዓመታት የተለመደው ውል “10 እና 10” ይባል ነበር፤ ለመቅረብ 10 ሺህ ዶላር፣ ካሸነፈ ሌላ 10 ሺህ። በዓመት ሦስት ጊዜ ተፋልሞ ሁለቱን ቢያሸንፍ 50 ሺህ ያገኛል። ወኪሉና የሚለማመድበት ጂም አሥር አሥር በመቶ ቢወስዱ 40 ሺህ ይቀረዋል። ከዚያ ላይ ግብሩ፣ የልምምድ አጋሮቹ፣ ምግቡ አለ። በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን የቻለ ተቋራጭ ስለሆነ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። ደመወዙ ግማሽ በግማሽ በማሸነፉ ላይ የተንጠለጠለ ሠራተኛ ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። ለቦክሰኞች በመሐመድ አሊ ስም የወጣው የ2000 ሕግ አዘጋጁ ከውድድሩ ያገኘውን ገቢ ለቦክሰኛው እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ቅይጥ ማርሻል አርትን ግን አይመለከትም።

ይህ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የብቸኛ ገዢ ገበያ ነው። በወረዳው አንድ ቡና ሰብሳቢ ብቻ ሲኖር ገበሬው ምን እንደሚገጥመው ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቡናው ጥራት ዋጋውን አይወስንም፤ ዋጋውን የሚወስነው ገበሬው እሸቱን ተሸክሞ የሚሄድበት ሌላ ደጅ መኖር አለመኖሩ ነው። የድርጅቱ ወዳጆች “ዩኤፍሲ ባይኖር ታጋዩ ባዶ እጁን ነበር” ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይህ ክርክር ለሰብሳቢውም ይሠራል፤ ዋጋው ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም።

ለታጋዩ ሌላው ደጅ መከፈት የጀመረው ከዩኤፍሲ ውጭ ነው። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙ አንድ ዶላር ቢያገኝ ይቀጣ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2021 ክልከላው ተነሣ። ስቲቭሰን ወርቁን ያጠለቀው ከአንድ ወር በኋላ ስለነበር ዕድሉ ሰመረ። ከአሜሪካ የትግል ደጋፊዎች ፈንድ ለወርቅ የሚሰጠው 250 ሺህ ዶላር ደረሰው፤ ተማሪ ሳለም ከትርኢት ትግሉ ድርጅት ከደብልዩደብልዩኢ ጋር ፈረመ። እዚያ አልሆነለትም፤ በ2024 ተሰናበተ። በዚያው በጋ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫውቶ የማያውቀው ልጅ ቡፋሎ ቢልስ በተባለው የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ተሞከረ፤ ከዚያም ቀረ። ወደ ሚኒሶታ ተመልሶ በመጋቢት 2025 ፊላደልፊያ ላይ ለኮሌጅ ፍጻሜ ደረሰ። ፍልሚያው ሊያልቅ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ሲቀረው ዋያት ሄንድሪክሰን ጣለውና ተሸነፈ። ቶኪዮ ላይ ያደረገው በእሱ ላይ ተደረገበት። በመስከረም ወር ቅይጥ ማርሻል አርትን ጀመረ፤ በዩኤፍሲ ሳይሆን ኤልኤፍኤ በተባለ አነስተኛ መድረክ፣ በገዛ ግዛቱ፣ በመጀመሪያው ዙር አሸንፎ።

ብዙዎች ይህን የመንከራተት ታሪክ አድርገው ያነቡታል። እኔ አይመስለኝም። ደጅ ሁሉ አንኳኩቶ የመጣ ሰው መጠበቅ ይችላል፤ መጠበቅ የሚችል ሻጭ ደግሞ በመጀመሪያው ዋጋ አይሸጥም። በአንጻሩ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ታጋይ ቦ ኒካል ሦስት ጊዜ የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በ2022 ወደ ዩኤፍሲ የገባው በጀማሪዎች መፈተሻው በኮንቴንደር ሲሪስ በኩል ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ተፈትኖ።

በሰኔ 2025 የጸደቀ የኮሌጅ ስፖርተኞች ክስ የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍል ፈቀደ። አብዛኛው ለአሜሪካ እግር ኳስና ለቅርጫት ኳስ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ለትግል ቡድን የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው፤ ይሁን እንጂ “10 እና 10” የሚለውን ውል ለማሳፈር ፍርፋሪውም ይበቃል።

ዩኤፍሲ በ2014ቱ ክስ 375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዳኛው በ2025 አጽድቀውታል። ገንዘቡ ግን ከ2010 መጨረሻ እስከ 2017 አጋማሽ ለተፋለሙት ብቻ ነው። እነ ኒካል የፈረሙበትን ዘመን የሚመለከተው በኔቫዳ የተከፈተ ሌላ ክስ ነው።