ጋራዡ የማን ነው?



ከሩዊ ወጣ ብላ በዋዲ ከቢር በኩል ያለፈች ሁሉ ጋራዦቹን ታውቃቸዋለች። በየበሩ የተቆለለ ጎማ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ የተበላሸ መኪና ጭና የምትገባ ሪከቨሪ። ከመካከላችን አንዷ እህት ግን በዚያ ባለፈች ቁጥር ልቧ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከአሥር ዓመት በላይ በሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ደመወዝ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የከባድ መኪና ጋራዥ አቁማለችና። እንድንጽፈው ፈቅዳልን ስሟን ሳንጠራ ታሪኳን እናካፍላችኋለን።

ኮምቦልቻ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ከጅቡቲ በጋላፊ የሚገባው ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ወሎ ይወጣል። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ጭነት የያዘ ተሳቢ ያንን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ይፈተናል። በአፋር ሙቀት ጎማ ይፈነዳል። ስለዚህ የወንድሟ ስልክ በእኩለ ሌሊትም ይጮኻል። ቀላል ብልሽት ከሆነ መንገድ ላይ ይጠግናል፤ ካልሆነ በአሮጌው ፊያት ጎትቶ ያመጣል። እናታቸው ለሹፌሮች ሻይ ታፈላለች፤ አባታቸው የመለዋወጫውን ክፍል ቁልፍ ይይዛሉ።

እህታችን የላከችው ገንዘብ መጀመሪያ የብየዳ ማሽን፣ ቀጥሎ ኮምፕሬሰር፣ በኋላም ያ መጎተቻ ፊያት ሆነ። ደረሰኝ ግን ጠይቃ አታውቅም። «ከአንድ ማኅፀን ወጥተን ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» ትለን ነበር። የንግድ ፈቃዱም የወጣው በወንድሟ ስም ብቻ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ከተማዋ ተይዛ ቆየች። ቤተሰቡ ሸሽቶ ሲመለስ ጋራዡን ባዶ ሆኖ አገኘው። ወንድሟ ተበድሮ እንደገና ጀመረ። ከዓመታት በኋላ እረፍት ወጥታ አገር ስትገባ፣ «እትዬ፣ አንቺ የገዛሽው ተዘርፏል። አሁን ያለው እኔ በብድር ያቆምኩት ነው» አላት። እርሷም «ደንበኛውስ? የጋራዡ ስምስ? በማን ገንዘብ መጣ?» አለችው። ሁለቱም አልዋሹም። የጠፋው ወረቀት ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እህታችንን የረዳት በሻንጣዋ ያስቀመጠችው የሐዋላ ደረሰኝ ነው። የወንድሟም ድካምና ዕዳ ተቆጠረ፤ ሌሊት መንገድ ላይ ያደረ ሰው ላቡ ድርሻ ነውና። በመጨረሻ ከአምስት እጅ ሁለቱ የእርሷ፣ ሦስቱ የእርሱ እንዲሆን ተስማምተው ፈረሙ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ስንልክ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ሳንልክ በፊት ተነጋግረን እንጻፈው። ለወላጆች ቀለብ የላክነውን ከጋራዡ ገንዘብ ጋር አንቀላቅል። ሥራውን የሚመራው ወንድም ወይም እህትም የሚገባው ደመወዝ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ደረሰኛችንን እንጠብቅ፤ በብርም በሪያልም እንመዝግብ። የኦማን ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2.6 ዶላር ገደማ ሆኖ ጸንቷል። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ወረደ። ከዚያ በፊት 100 ሪያል በባንክ 15,000 ብር ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ25,000 ብር በላይ ሆነ። በብር ብቻ የተጻፈ ሒሳብ ድካማችንን ያሳንሰዋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያድግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በዚህ ዓይነት ማኅበር አባሉ ለድርጅቱ ዕዳ የሚጠየቀው ባዋጣው ልክ ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻም በሰነድ ይሰፍራል።

አራተኛ፣ ውክልና ስንሰጥ ለምን ሥራ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ቤትና ቦታ ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። የሰጠነውን ውክልና መሻርም እንችላለን።

አንዳንዶቻችን ወረቀት መጠየቅ ፍቅርን የሚያጎድል ይመስለናል። ጌታችን ግን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲያስተምር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር እንዳለበት ነግሮናል። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ወረቀቱ ወንድምንም እህትንም ይጠብቃል።

አሁን ወንድሟ በየወሩ መጨረሻ የገቢና የወጪ ደብተሩን ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል። ባለፈው አርብ አሳይታን ነበር። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ናፍጣ፣ የረዳት ደመወዝ... በመጨረሻው መስመር ላይም «የእትዬ ድርሻ» የሚል ተጽፏል። እርሷም እያነበበች ፈገግ አለች።

የእጆቻችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ። አሜን።