ቮልስን የሚያኖራት እጅ ነው

አሮጌ ቮልስ መያዝ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን መኪናን ቶሎ የሚገድለው ከዕድሜ ይልቅ ቸልተኝነት ነው እላለሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ተቀምጦ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውሃም አያውቅም። የሚጠይቀው 2.5 ሊትር ዘይቱ በጊዜው እንዲቀየርለት፣ ሞተሩ በርዶ ሳለም የቫልቮቹ ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ እንዲስተካከል ነው። የማራገቢያው ቺንጋ ከተበጠሰ ደግሞ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

ኤርባግ የላትም፣ ጭሷም ከዘመናዊ መኪና ይብሳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ስለዚህ በዝግታ፣ ለአጭር መንገድ ትነዳ። መለዋወጫ ይጠፋል ለሚሉት ግን መልሱ ቁጥሩ ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። ቮልስ ያላችሁ ሁሉ፣ ከቀለሟ በፊት ዘይቷን እዩ።