ኮምጣጣውን አፈር የሚለየው ብርጭቆ

ከደብረ ታቦር ከተማ በስተምሥራቅ በሚታየው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በፋርጣና በጋይንት ደጋዎች ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚያመርተው ገበሬ አንድ ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ሰብሉ ያማረ ነው፤ ከቤት ራቅ ያለው ማሳ ግን ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ቡቃያው ቀጭጮ ይቀራል። በእንዲህ ያለው መሬት ተስፋ የቆረጠ ገበሬ ማሳውን ለባሕር ዛፍ ይለቃል።

ምክንያቱ በብዙ ቦታ የአፈሩ መኮምጠጥ ነው። የደጋው ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ለዘመናት አጥቦ ወስዷል። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ችግር የተነካ እንደሆነ ይገመታል። የኮምጣጣነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ በማዳበሪያ የተጨመረውንም ፎስፎረስ አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ ፎስፎረሱን መሬት ውስጥ ቀበረው ማለት ነው።

ይህን ለይቶ የሚያሳየው መሣሪያ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ምርምር ፍሬ ነው። ጫፉ እንደ ትንሽ አምፑል የተነፋ ስስ ብርጭቆ በውሃ በተበጠበጠ አፈር ውስጥ ሲነከር፣ በውስጡና በውጭው ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን ስለሚለያይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ የፒኤች ቁጥር 59 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ በደጋው ብርድ፣ በ10 ዲግሪ፣ ወደ 56 ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀቱን ያላስተካከለ መሣሪያ ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጥም። የአንድ ቁጥር ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ ፒኤች 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ማክስ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያስተዋለውን ይህን የብርጭቆ ጠባይ፣ ፍሪትዝ ሃበርና ዚግመንት ክሌመንሲየቪች በ1909 በጀርመን አገር በካርልስሩኸ መርምረው አስፋፉት። የሚያስገርመው፣ ይኸው ሃበር በዚያው ዓመት ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል በሙከራ አሳየ። ዛሬ ለገበሬው የሚከፋፈለው ዩሪያ የሚሠራው ከዚያ ሙከራ በተገኘው ዘዴ ነው። ማዳበሪያውም፣ ማዳበሪያ ብቻውን የማይበቃውን መሬት የሚጠቁመው መለኪያም በአንድ ሰው እጅ አለፉ።

መሣሪያው ጥንቃቄ ይሻል። ብርጭቆው መድረቅ የለበትም፤ ከሥራ በፊትም ፒኤቻቸው በታወቀ ውሁዶች፣ ብዙ ጊዜ 4 እና 7 በሆኑት፣ መስተካከል አለበት። ከዚህ የሚከፋው ግን የናሙናው ስሕተት ነው። አፈሩ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ መደባለቅ ሲገባው፣ አመድ ከተደፋበት ወይም ከብት ካደረበት አንድ ጥግ ብቻ ከተዘገነ ምርመራው ሐሰት ይናገራል።

ደግሞም ፒኤች ብቻውን የሚያስፈልገውን የኖራ መጠን አይወስንም። በአፈሩ ላይ ተጣብቆ ያለው አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን በፖታሲየም ክሎራይድ ተፈልቅቆ መለካት አለበት። ይህ ልዩነት ለገበሬው የወረቀት ጉዳይ አይደለም፤ በሄክታር 20 ኩንታል ኖራ የታዘዘለት ሰው፣ አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ መንገድ ወዳልገባበት ማሳ 40 ጭነት ማመላለስ ይኖርበታል። ይህም ሁሉ ኖራ ከዘር በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል አለበት።