የሰው ቋንቋ ስንማር ማንን እንወክላለን?

በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ቋንቋ ይገጥመዋል። ቤቱ ውስጥ ከእናቱ ጋር አማርኛ ይናገራል። ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛ ይቀራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣው ልጅም ዕጣው ይኸው ነው።

ይህ ጸጋ ነው። ሆኖም መድረሳውንም አስኳላውንም የቀመስንና ዛሬም ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። ዐረብኛ ጥቂት የገባው ወጣት እናቱ ፋቲሓ ስትቀራ በፊደል አወጣጧ ይስቃል። እንግሊዝኛ የቀናው ደግሞ በጨዋታ መሐል «በአማርኛ ምን ነበር የሚባለው?» ማለት ያበዛል። አንዱ ዐረብ፣ ሌላው ፈረንጅ ለመሆን የቸኮለ ይመስላል። ታዲያ የሰው ቋንቋ የተማረ ሰው ማን ይሆናል? አፉን ሲከፍትስ ስለማን ነው የሚናገረው? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንን ነው።

ልሳን የአላህ ተአምር ነው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 22ኛ አንቀጽ የልሳኖቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከሰማያትና ከምድር መፈጠር ጋር አንድ ላይ አድርጎ ከተአምራቱ ይቆጥረዋል። በሱረቱ ኢብራሂም 4ኛ አንቀጽም እያንዳንዱ መልእክተኛ በሕዝቡ ቋንቋ የተላከው ሊያብራራላቸው መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ በአማርኛ አፍ መፍታት ለአንድ ሙስሊም ጉድለት ሊሆን አይችልም።

የሌላውን ቋንቋ መማርም እንዲሁ የተወደደ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። እርሱም በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። የታዘዘበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ የሚጻፈውንና የሚነበበውን ደብዳቤ የሚታመን ሰው እንዲይዘው ነው። ዘይድ የሌላ ሕዝብ ፊደል ተምሮ ለወገኖቹ አፍ ሆነ እንጂ ከወገኖቹ አልወጣም።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ከዚህም የቀረበ ታሪክ አለ። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰደው ከመጡ ወላጆቿ በሐበሻ ምድር የተወለደች ሕፃን ነበረች። ወደ መዲና ስትመለስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ አልብሰዋት፣ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግበውታል። ያማረ ማለት ነው፤ በግዕዝ «ሠናይ» የምንለው ቃል ዘመድ ነው። ቁርኣን በዐረብኛ የወረደላቸው ነቢይ አንዲትን ሕፃን ለማስደሰት የእኛን አገር ቃል በአንደበታቸው አነሡ። ታዲያ ከእኛ መሐል ይህን ቋንቋ የሚንቅ ሰው ከማን ተምሮ ነው?

ዐረብኛን ያቀኑ ዐጀሞች

አንዳንድ ወጣት ዐረብኛን ጠልቆ ለማወቅ የግድ ዐረብ መምሰል ያለበት ይመስለዋል። የቋንቋው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ180 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ያለፈው ሲበወይህ ፋርስ ነበር። የእርሱ «አል-ኪታብ» እስከ ዛሬ ለዐረብኛ ሰዋስው መሠረት ነው። ደረሳዎቻችን ነሕው ሲጀምሩ በቃላቸው የሚይዟትን «አጅሩሚያ» ያዘጋጁት ኢብን አጅሩም የሞሮኮዋ ፋስ ከተማ ሰው፣ በዘራቸው በርበር ናቸው፤ ስማቸው ራሱ የበርበር ቃል ነው። በዘመናችንም በመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውንና በብዙ አገር የሚጠናውን የዐረብኛ መማሪያ የጻፉት ዶክተር ዐብዱረሒም ከደቡብ ሕንድ የተገኙ ሰው ነበሩ።

ከእኛ ወገን የወጡትስ? በ743 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት ዑስማን አዝ-ዘይለዒና በ762 ያለፉት ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ካይሮ ላይ ስመ ጥር የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ሲሆኑ የአገራቸውን የዘይላን ስም አልጣሉም። የግብጽን ታሪክ የጻፈው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ 1753-1825) ካይሮ ተወልዶ፣ በዐረብኛ ጽፎ፣ ካይሮ ሞተ። ቅድመ አያቶቹ ከሐበሻ ምድር ከሄዱ ሰባት ትውልድ ቢያልፍም «ጀበርቲ» መባሉን አልተወም። በአዝሐርም ከዚህ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቀል ጀበርት» የተባለ ማደሪያ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች ከማናችንም በላይ ዐረብኛ ያውቁ ነበር፤ ከየት እንደመጡ መናገር ግን አላሳፈራቸውም።

የጎንደር ነጋዴ፣ የንጉሥ አፍ

ወደ ከተማችን እንመለስ። ጎንደር በተቆረቆረች ሰሞን ዐፄ ፋሲል ለየመኑ ኢማም ደብዳቤ ሲልኩ መልእክተኞቻቸው ሙስሊሞች ነበሩ። የኢማሙ መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚም እ.ኤ.አ በ1648 ጎንደር ደርሶ ያየውን በዐረብኛ ጽፎ ትቶልናል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሐኪም ባስፈለጋቸው ጊዜ ካይሮ ድረስ ሄዶ ያፈላለገው ሐጂ ዐሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በስናር በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ በ1699 ጎንደር የገባው ከእርሱ ጋር ነበር።

ነጋዴው ዐረብኛ ያወቀው በሃይማኖቱና በመንገዱ ነው። በዚያ ቋንቋ የሚወክለው ግን አገሩንና ንጉሡን ነበር። የሚገርመው፣ በሁለቱ ታሪኮች መካከል፣ እ.ኤ.አ በ1668 የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው እስላም ቤት የዚያ ውሳኔ ትውስታ ነው። በውጭ አገር የንጉሥ አፍ የሆነ ሰው አገሩ ሲገባ ሰፈሩ ተለይቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ችለው ነግደዋል፣ ሸምነዋል፣ ልጆቻቸውን አስቀርተዋል፤ አማርኛቸውንም አልተዉም።

ስም የሚያወጣልን ማን ነው?

የማንነት ጥያቄ በባዕድ ቋንቋ ብቻ አይመጣም። በእኛው በአማርኛም አለ። በጎንደርና በዙሪያዋ «አማራ ነህ ወይስ እስላም?» የሚለው ጥያቄ ለዘመናት ሲጠየቅ ኖሯል። ጠያቂው «ክርስቲያን ነህ ወይ?» ማለቱ ነው። ይሁንና ከአማርኛ ሌላ የአፍ መፍቻ የማያውቀው ሙስሊም በዚህ አጠያየቅ ከገዛ ቋንቋው ስም ውጭ ይቀራል። በንጉሡ ዘመንም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ ልክ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» የሚል ነበር። የአንድ ቃል ጉዳይ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ባለቤት ወይስ ተጠጊ የሚል ነው።

ልጆቻችን ውጭ አገር ሲሄዱ ይኸው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ይጠብቃቸዋል። «ከሐበሻ ነህ? እዚያ ደግሞ ሙስሊም አለ?» የሚላቸው አይጠፋም። ስለ ነጃሺና ስለ መጀመሪያው ሒጅራ፣ ስለ አዲስ ዓለምና ስለ ወሎ ሸይኾች የሚያውቅ ልጅ መልስ አለው። የሚያውቀው የባዕዱን ሰዋስው ብቻ ከሆነ ግን ዐረብኛው የቱን ያህል ቢቀና የሚናገርበት ነገር የለውም።

ሁለት ዓይነት ዐረብኛ

በየመስጊዱ ዙሪያ የምናየውን አንድ ነገር እናንሣ። ደረሳው አጅሩሚያን ጨርሶ ወደ ከባድ ኪታቦች ተሻግሯል፤ ከሱዳን በመተማ በኩል የመጣ እንግዳ መንገድ ቢጠይቀው ግን አፉ ይያዛል። በሌላ በኩል ዐረብ አገር ዓመታት ሠርታ የተመለሰች እህት አለች። ዐረብኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ አንዲት መስመር ግን አታነብም። እርሱ «የተማረ» ይባላል፣ እርሷ «ያልተማረች»። የእርሷ ዐረብኛ የተገኘው በሰው ቤት፣ በትእዛዝና በድካም ስለሆነ ዕውቀት መስሎ አይታየንም። ሁለቱ ቢጠያየቁ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላ ነበር። የመድረሳ ኃላፊዎች እንደነዚህ ያሉትን እህቶች ለልጃገረዶች ንግግር እንዲያለማምዱ ቢጋብዟቸው፣ እነርሱም በምላሹ ንባብ ቢማሩ ምን ይከፋል?

ስለ ከተማችሁ ጻፉ

እንግሊዝኛ ስናስተምር «ስለ ከተማችሁ ጻፉ» ማለት የተለመደ ነው። ተማሪው ስለ ፋሲል ግቢ ይጽፋል፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይጽፋል፣ ስለ ጥምቀት ይጽፋል። መልካም ነው፤ ግንቡ የሁላችንም ነው። ግን ሙስሊሙም ተማሪ ይህንኑ ጽፎ ያበቃል። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አያቱ የሽመና ሥራ፣ በረመዳን ማታ ስለሚታየው ነገር አንድ መስመር አይኖረውም። ቃላቱ ቸግረውት አይደለም። የእርሱ ነገር በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ስለማይመስለው ነው።

በፋሲል ግቢና በሰሜን ተራሮች ቱሪስት የሚመሩ ወጣቶችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። እንግዳው ጎንደርን የሚያውቃት በእነርሱ አንደበት ነው። እንግዳው መስማት የሚወደውን ብቻ መርጦ መንገር ግን ውክልና አይሆንም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ሲቆም የስደተኞች ሁሉ ዕጣ በአንደበቱ ላይ ነበር። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቅም አስተናጋጁን ለማስደሰት ብሎ እምነቱን አልሸፋፈነም። የሚያምነውን በጨዋ አንደበት ተናገረ፤ አላህም በዚያ እውነት አዳናቸው።

ይህ ነገር ቀልድ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማችን በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጥቃት ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ሲያጡ ወሬው ሳይውል ሳያድር በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ዓለምን አዳረሰ። እንዲህ ባለ ቀን ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ሳይሾም ቃል አቀባይ ይሆናል። አንድ ቃል መጨመር እሳት ያቀጣጥላል፤ አንድ ቃል መቀነስ የሟችን ሐቅ ይበላል። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ በገዛ ራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ታዘናል። ይህ ትእዛዝ በአማርኛ ለሚናገርም፣ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍም አንድ ነው።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ልጃችሁ መድረሳ የተማረውን ማታ ለአያቱ ወይም ለእናቱ በአማርኛ ይንገር። ሸይኾቻችን ኪታቡን በዐረብኛ እያነበቡ በአገር ቋንቋ ሲተረጉሙ የኖሩት ለዚህ ነው። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣም ብዙ ቤት የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ለእናቱ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር ልጁ ገና አልያዘውም።

ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ በአነጋገር መሳሳቅ ይቅር። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ልጁ በእናቱ ሲስቅ በማን ምንዳ ላይ እንደሚስቅ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ የዕድሜ ባለጸጎች በሕይወት ሳሉ ልጆቹ ይጠይቋቸው። የንግዱን መንገድ፣ የሸማውን ሥራ፣ የሰፈሩን ሸይኾች ታሪክ በአማርኛ ይጻፉት፤ ከዚያ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ፣ በመድረሳ በዐረብኛ ይመልሱት። የእንግሊዝኛም ሆነ የዐረብኛ መምህራቸው ከዚህ የተሻለ መልመጃ አያገኝላቸውም።

ወጣቶች ሆይ! ዐረብኛን ተማሩ፤ የዲናችሁ ቁልፍ ነው። እንግሊዝኛንም ተማሩ፤ የዘመኑ ዕውቀት በር ነው። ነገር ግን በተማራችሁት ቋንቋ ማንነታችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ፣ ከሌላ ሰው የተዋሳችሁትን መልስ አትስጡት። የእናታችሁን ቤት እያያችሁ፣ እውነቱን ንገሩት።

አላህ ልሳናችንን ለሐቅ ያቅናልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።